የእንጉዳይ ግራ እግር

የደረጃዎች ምክር ቤት የወንበር እግር ሦስት ይሁን ብሎ በወሰነ ማግስት፣ በከተማው ያለ ባለ አራት እግር ወንበር ሁሉ አንድ አንድ እግሩን ጣለ። የወደቁት ሰዎች ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። የወዳደቀው እግርም ተለቅሞ ማገዶ ሆነ። በወሩ ደግሞ የድመት ዓይን ሁለት ይሁን ተባለ። በነጋታው አንድ ዓይና ድመት በከተማው አልተገኘም። የተገኘው ወተት የሚጠጡበት ሳህን ብቻ ነው።

ይታክቱ የምክር ቤቱ አባል የሆነችው ከድመቶቹ በኋላ ነው። የመረጧት የእህል ተራ ሴቶች ናቸው፤ ወደዋት አይደለም፣ ሄዳ ሌላ ሰው ትንደፍ ብለው ነው። ፊደል ስትቆጥር «መ» ላይ ደርሳ ትታዋለች። ሆኖም በእህል ተራ ሃያ ዓመት ሙሉ የጣሳው ጠባቂ እሷ ነች። ይህ ጣሳ የሌላው ሻጭ ሁሉ ጣሳ የሚመሳከርበት ነው። መጀመሪያ የብርነሽ ነበር፤ ብርነሽ ማለት ሽንብራ የምትሸጥ ምስኪን ናት። ጣሳዋ ልክ ሆኖ ስለተገኘ መለኪያ ተደረገ፤ ይታክቱም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። አንድ ቀን ብርነሽ ውሃ ልጠጣበት ብላ መጣች።

«መለኪያ ውሃ አይጠጣበትም» አለቻት ይታክቱ። «በእጅሽ ጠጪ።»

ለአዲስ አባላት መመሪያ አለ፤ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ነው። የምክር ቤቱ ጸሐፊ አቶ ልሳነወርቅ በመጀመሪያው ጠዋት አነበበላት።

«አንድ። ዝም ያለ አባል እንደተስማማ ይቆጠራል።»

«ያ ሰውዬስ?» አለች፤ ከጠረጴዛው ጥግ የተቀመጠውን በአገጯ እያሳየች። ዝንብ በአፉ ትገባለች፣ ትወጣለች።

«አቶ ተድላ ናቸው። ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የሥራ ዘመናቸው ግን አላለቀም።»

«ይስማማሉ?»

«በሁሉም ነገር።»

«ጨዋ ሰው ናቸው። የኔም ባል ከሞተ ወዲህ እንዲሁ ነው። ቀጥል።»

«ሁለት። ረቂቅ የሚቃወም አባል የተሻለ ናሙና ይዞ ይቅረብ። በባዶ እጅ መቃወም ክልክል ነው።»

«ይሄማ የገበያም ሕግ ነው።»

«ሦስት። ነገሩ የሥጋ ዘመዱን የሚነካ አባል ከስብሰባው ይወጣል።»

ደብተሩን አጥፎ የሐሙሱን ጉዳይ ነገራት። ጉዳዩ የሰው እግር ነው። ረቂቁ አንድ መስመር ናት፦ ሁለቱ እግሮች እኩል ይሁኑ።

ይታክቱ አንድ ልጅ አለቻት። እንጉዳይ ትባላለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ግራ እግሯ ከቀኟ በአራት ጣት ያጥራል። ይታክቱ ድመቶቹን አሰበች። ቀጥላ ሳህኖቹን አሰበች።

ረቡዕ ከሰዓት ልጇን አስቀምጣ እግሯን አጠበቻት።

«ነገ ምክር ቤት ትሄጃለሽ፤ ናሙና ነሽ።»

«ምን ላደርግ?»

«ልትቆሚ። መቆም ያቅትሻል? ደግሞ እዚያ እማዬ እንዳትይኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ምንም።»

«ገበያ ስንሄድ ከኋላ ከኋላ ነይ እያልሽኝ አይደል ያደግሁት» አለች እንጉዳይ። «አይከብደኝም።»

«ምላስሽን ከማን እንደወሰድሽው አያጠያይቅም» አለች ይታክቱ፤ ሁለተኛውንም እግር አጠበች።

ሐሙስ ሊቀመንበሩ ኢንጂነር ደጀኔ ረቂቁን አንብቦ ተቃውሞ እንዳለ ጠየቀ። አባላቱ ዝም አሉ። አቶ ተድላ ከሁሉም በላይ ዝም አሉ።

«እኔ እቃወማለሁ» አለች ይታክቱ።

«ናሙና?»

«በር ላይ ቆማለች።»

እንጉዳይ ገባች። ወለሉ ላይ እርምጃዋ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር እያለ ተሰማ።

«እናንተ በወረቀት ላይ ነው የምትሄዱት» አለች ይታክቱ። «ከተማችን የተቀመጠችው ተራራ ጎን ላይ ነው። መንገዱ ሁሉ በአንድ ወገን ከፍ ይላል። እግሩ እኩል የሆነ ሰው ያዘነብላል። ይቺ ግን ተራራውን በግራዋ አድርጋ ስትሄድ እንደ ሻማ ቀጥ ትላለች።»

አባላቱ በመስኮት አዩ። መንገደኛው ሁሉ አዘንብሏል።

«ሲመለሱስ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምን ያስመልሳቸዋል? ተራራውን ዞረው ይምጡ።»

ኢንጂነሩ የእንጉዳይን እግሮች በማስመሪያ ለካ። አልተቸኮለም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይቺ ልጅ ምንዎ ናት?» አለ።

ይታክቱ በጣሳው ስትምል ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አሁንም አልተንቀጠቀጠም።

«ምኔም አይደለችም። ገበያ ውስጥ ስታነክስ ያየኋት ናት።»

አቶ ልሳነወርቅ ቃሏን እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ። ቀለም አቀረበላት፤ በአውራ ጣቷ ፈረመች። እንጉዳይ ጣሪያውን ታይ ነበር። ሌላ የተናገረ ስላልነበረ ሁሉም በናሙናዋ እግር ተስማሙ። ናሙናዋ እስክትመዘገብ እዚያው ትደር ተባለ።

ዓርብ ጠዋት ከተማው በሙሉ አነከሰ። ቄሱም፣ ትራፊክ ፖሊሱም፣ ሙሽራዋም አነከሱ። ሰው ሁሉ ተራራውን በግራው አድርጎ መሄድ ስለጀመረ፣ በስተኋላው ያለ ጎረቤቱ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ብርነሽ እያነከሰች መጥታ ሽንብራዋን ዘረጋች።

«ይታክቱ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። «ልጅሽ መለኪያ ሆነች አሉ።»

ይታክቱ ራሷም እያነከሰች ወደ ምክር ቤቱ ሄደች። እንጉዳይ መስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆማለች። በቀኟ ባለ ሦስት እግር ወንበር፣ በግራዋ ባለ ሁለት ዓይን ድመት አለ። ድመቱ አይንቀሳቀስም።

«ልወስዳት ነው» አለች ይታክቱ።

«ምኗ ነዎት?» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

«እናቷ ነኝ።»

ቃለ ጉባኤውን ገልጦ አሳያት። «ይህ የማን አውራ ጣት ነው?»

ይታክቱ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች። ቀለሙ አልለቀቀም።

«እሺ እንግዲህ ትቀመጥ። ወንበሩ አጠገቧ ነው።»

«መለኪያ አይቀመጥም» አለ አቶ ልሳነወርቅ። «እሷ ከተቀመጠች ከተማው ይቀመጣል።»

ይታክቱ አነጋገሩን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው።

«እንጉዳይ» አለች ወደ መስተዋቱ ተጠግታ።

እንጉዳይ ገበያ ውስጥ እንዳየችው ሰው አየቻት። ምንም አላለቻትም።

ከዚያ ወዲህ ይታክቱ ከስብሰባ ቀርታ አታውቅም። ከአቶ ተድላ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ቁም ሣጥኑ ከፊት ለፊቷ ነው። ከውጭ የከተማው እርምጃ ይሰማታል፤ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ያለፈው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ድምፁ ቆመ። አንገቷን አዙራ ወደ መንገዱ አየች። ጆንያ የተሸከመው፣ ቄሱ፣ ሽንብራዋን ያዘለችው ብርነሽ፣ ሁሉም በቀኝ እግራቸው ቆመዋል፤ ግራው ተንጠልጥሏል። ከጠረጴዛው ሥር የእሷም ግራ እግር ከወለሉ ተነሥቷል። የአቶ ተድላም ተነሥቷል።

ወደ ቁም ሣጥኑ ዞረች። እንጉዳይ ግራ እግሯን ከፍ አድርጋ እናቷን ትኩር ብላ ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀኙንም ማንሣት ጀመረች።