የሌላ ሰው እጅ ያረፈበት ሹሩባ

ልጄ ኮሌጅ ከገባች ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣች ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። በመጨረሻው ዓመቷ ግን ድንገት መምጣቷን ተወች። መጀመሪያ ታማ ይሆናል አልኩ፤ ቀጥሎ ተባርራ ይሆናል አልኩ፤ በኋላም ሳትነግረኝ አግብታ ይሆናል ብዬ እንቅልፌን አጣሁ።

ከወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እየሳቀች ገባች። ፀጉሯ ተሠርቷል። ያውም ልክ እኔ እንደምሠራት፣ ከግንባሯ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጭን ቀጭን ሹሩባ።

«ማናት የነካችሽ?» አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት።

«ቀጮ ናት፣ ዶርም አብራኝ ያለችው። የአንቺን አሠራር አስተማርኳት። እማ፣ የቀረን እኮ ስድስት ወር ነው! ቅዳሜን አውቶብስ ላይ መጨረስ ሰለቸኝ። ቲያትር እየገባን ነው፣ ዋናም ጀመርን።»

«ዋና? ልትሰምጪ?»

«ምን እሰምጣለሁ፣ በፍርሃት በአንቺ ወጥቼ ገና የገንዳውን ዳር እንደያዝኩ ነኝ።»

ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስትፈታ አናቷን መረመርኩት። አንድ እንኳ የተጣመመ መስመር ባገኝ ምን ነበረበት! የቀጮ እጅ ከኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«ከጆሮሽ በላይ ያለው ተንጋዷል፣ ነይ ቁጭ በይ» አልኳት።

መስታወቱን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ማበጠሪያዬን ከመሳቢያው አውጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«አንዱን ብቻ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እንጃ፣ ሲፈታ እናያለን።»

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉንም ፈትቼው ነበር።