የጆቴ አንገት ራጅ

እኔ ዘርፉ ሰው አላምንም። ናዝሬት ገበያ በርበሬ ስሸጥ የራሴን ሚዛን እንኳ ሁለቴ ነው የማየው። በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ ማን ይታመናል? ወንድሜ ጆቴ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ጓዳ ደበቅኩት። አምስት ወር ሆኖት ነበር። ለጎረቤት ወንጂ ሄዷል ብያለሁ።

እንጥሉ ወረደና ምራቁን መዋጥ አቃተው። ሆስፒታል ብወስደው ማነህ፣ ከየት ነህ ይሉታል። ስለዚህ ከወለንጪቲ እንጥል የምትቆርጥ ሴትዮ አስመጣሁና እዚያው ጓዳ ቆረጠችለት። "በሦስት ቀን እህል ይበላል" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን አንገቱ አብጦ አገጩ ጠፋ። አፉም አልከፈት አለ። ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማ ጀመር። በእጄ ሊሞትብኝ ነው አልኩ። ጋሪ ጠርቼ፣ በጋቢ ሸፋፍኜ ሆስፒታል አደረስኩት። ስሙን ሰብስቤ ብዬ አስመዘገብኩ።

ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰና "ውስጡን በእጅ ማወቅ አልችልም፤ ራጅ ይነሳ" አለ። ራጅ የሚያነሳው ሐዲስ የሚባል ሰው ነበር። ከላይ እስከ ታች ካኪ ለብሷል፤ ካድሬ ነው አልኩ በሆዴ። ጆቴን በጎኑ አቁሞ አንገቱን አነሳው። ከዚያ ፊልሙን አጥቦ፣ ገና ሳይደርቅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ ቀረብ ብሎ አየው።

"ከታመመ ስንት ቀኑ ነው?"

"ትናንት ነው የጀመረው።"

"የት ነው የምትኖሩት?"

"ይሄ ለራጅ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ጉሮሮውን የነካው ሰው አለ?"

"ማንም አልነካውም።"

ቀና ብሎ አየኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ሲጠረጥር እንዲሁ ነው የሚያየው። "እህቴ፣ ከዚህ እንዳትንቀሳቀሱ" ብሎ ስልክ ወዳለበት ክፍል ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። "ቶሎ ና፤ እዚሁ አስቀምጫቸዋለሁ" ሲል ሰማሁት።

አለቀልን አልኩ። ጆቴን ደግፌ ሹልክ ብዬ ወጣሁ፤ ያው ጋሪ በር ላይ ቆሞ ስለነበር ጭኜው ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ አያገኙትም።

መናኸሪያው ጋ ሳንደርስ የአንገቱ ፉጨት ቀጥኖ ሊጠፋ ደረሰ። ከንፈሩ ጠቆረ። ዓይኑ ፈጦ እጄን ጨምቆ ያዘኝ። እናታችን ስትሞት አደራ ያለችኝን ልጅ ጋሪ ላይ ልገድለው ነው እንዴ? ባለጋሪውን "መልሰው፣ በአባትህ መልሰው" አልኩት።

ሐዲስ ፊልሙን እንደያዘ የሆስፒታሉ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። አጠገቡ ጠብመንጃ የያዘ አብዮት ጥበቃ ተቀምጧል። ወርጄ ሐዲስ እግር ላይ ወደቅኩ።

"ጓድ፣ ሰብስቤ አይደለም፤ ጆቴ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው። ከውትድርና የደበቅኩት እኔ ነኝ። ውሰዱት፣ ብቻ መጀመሪያ አንገቱን ክፈቱለት።"

ሐዲስ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሄን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የደወልኩት ለቀዶ ሐኪሙ ነው፤ መጥቶ ይጠብቃችኋል። ከጉሮሮው ጀርባ መግል ሞልቶ መተንፈሻውን እየዘጋው ነው፤ ራጁ ላይ ይታያል። እኔ የጠየቅኩሽ እንጥሉን አስቆርጠሽው እንደሆነ ነበር። የት ትኖራላችሁ ያልኩሽም ብትጠፉ ፈልጌ እንዳመጣችሁ ነው።"

"ከሦስት ቀን በፊት ተቆርጧል" አልኩ።

ጆቴን በቃሬዛ ይዘውት ሮጡ። አብዮት ጥበቃው ከወንበሩ ተነስቶ ተከተላቸው።

ቀዶ ሐኪሙ ከአንገቱ ያወጣው መግል ሳህን ሞላ፤ ነርሷ አሳየችኝ። በማግስቱ ጆቴ አንገቱ ላይ በገባለት ቱቦ እየተነፈሰ ነቃ። ድምፅ አልነበረውም። አብዮት ጥበቃው በግርጌው ተቀምጦ ድኖ የሚወጣበትን ቀን ይጠብቃል። ሐዲስ አንዴ ብቅ ብሎ አይቶት፣ እኔን ሳያየኝ ሄደ።

ጆቴ ጠብመንጃውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መዳፉን ገለበጠ፤ ማን ነገራቸው ማለቱ ነው።

"እኔ" አልኩት።