የማነጻጸሪያው ክፍል

ልብስ ሰፊዋ የወላጆች ወኪል ሆና ከተመረጠች ወዲህ ሰፈርተኛው «ወኪሏ» ይላታል። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰው ማሳመኑን ግን ታውቅበታለች። ዩኒቨርሲቲው ከትምህርት ቤቱ ጋር አጋርነት ፈጥሮ አዲስ የንባብ ማስተማሪያ ሊሞክር ሲመጣ፣ ስፌቷን ጥላ ቤት ለቤት እየዞረች ወላጁን እሺ ያሰኘችው እሷ ናት።

ሦስተኛ ክፍል ሁለት ምድብ አለው። አንዱ በአዲሱ ዘዴ ይማራል፤ ሌላው በድሮው ይቀጥልና ማነጻጸሪያ ይሆናል፣ ተራው በዓመቱ ይደርሰዋል። ተመራማሪው ይህን ቃል የገባው በወላጅ ሁሉ ፊት ነው። ዕጣ ይውጣ ሲባል፣ ማን ያውጣ? ወኪሏ። አወጣችና የገዛ ልጇን የሚጣን ምድብ ማነጻጸሪያ አደረገችው።

ርዕሰ መምህሩ ያን ዕለት ወደ ጥግ ወሰድ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ሚጣን ቀስ ብለን ወዲያኛው ክፍል እናዛውራት። ማንም ልብ አይል» አላት።

«ሰው ምን ይለኛል? አንድ ዓመት ነው፤ ትጠብቅ» አለች። በዚህ መልሷ ስንት ቀን ኮርታለች መሰላችሁ።

ዓመቱ አለቀ። ወዲያኛው ምድብ ንባቡን ያንበለብለው ጀመር። በመዝጊያው ስብሰባ ተመራማሪው ጥናቱ መሳካቱን፣ ፕሮጀክቱም ማብቃቱን ተናገረ።

«የእነሚጣስ ተራ?» አለች ወኪሏ ተነስታ።

«እሱ ለሚቀጥለው ምዕራፍ የታሰበ ነበር እናቴ። ደጋፊ ካገኘን እናያለን።»

እናያለን። የሰው ልጅ አንድ ዓመት የሚባለው ነገር ለእነሱ እንዲህ ቀላል ነው። ከዚያ የምስክር ወረቀት አስጨበጣትና፣ «ማኅበረሰቡን በማስተባበር ላደረጉት የላቀ አስተዋጽኦ» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበላት። አዳራሹ አጨበጨበ። ልጇ ከሚጣ ጋር የምትማረው ጎረቤቷ ግን እጇን አጣጥፋ ትክ ብላ አየቻት።

ቤት እንደገባች ወረቀቱን ለሚጣ ሰጠቻት። «እስኪ አንብቢልኝ የኔ እናት፤ ምን ይላል?»

ሚጣ ጣቷን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። እናቷን በስርቆት አየቻትና ጣቷን በፍጥነት እስከ ታች አወረደችው።

«'የሚጣ እናት ጎበዝ ናት' ይላል እማ።»

ወኪሏ በአዳራሹ የተነበበላትን ቃል በቃል ይዛዋለች። ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

«አዎ፣» አለቻት፤ «እነሱም እንደዚያ ነው ያነበቡልኝ።»