የገዳሙ ዘር ለይታያል

በይታያል መቅናት የጀመርኩት ዛሬ አይደለም። ሮብ ገበያ አጠገብ ጓሯችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከጮቄ የሚወርደው የመስኖ ውሃ መጀመሪያ የሱን መደብ ያጠጣና ነው ወደኔ የሚመጣው። ውሃው ራሱ እሱን ያስቀድማል! እናቴ እንኳን ጎመን ስትፈልግ «ከነይታያል ጓሮ ቆረጥ አርገህ አምጣልኝ» ትለኛለች። የገዛ እናቴ እኮ ናት!

ግን ይሄ ሁሉ ምንም አይደል። ያንገበገበኝ የገዳሙ ዘር ነው።

ከኛ ሁለት ሰዓት በእግር ተሂዶ አንድ ገዳም አለ፤ በነገሥታቱ ዘመን የተተከለ ትልቅ የአትክልት ቦታ አለው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የክረምቱን ነጭ ሽንኩርት ነቅለን በኩራቱን ወደዚያ እንወስዳለን። አትክልቱን የሚጠብቁት አባ ወልደ ሚካኤል ታዲያ የሁላችንንም አገላብጠው ያያሉ፣ ከዚያ ለአንድ ሰው ከገዳሙ የጥንት ዘር አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ይሰጣሉ። ለአንድ ሰው ብቻ። ሁለት ዓመት በተከታታይ የወሰደው ይታያል ነው።

ዘንድሮ ግን ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። የኔ ሽንኩርት በለጠ! እሱ ሲነቅል በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ አረጋግጫለሁ። ዋዜማውን ወንዝ ወረድኩና አንድ በአንድ አጠብኩት፣ ቅጠሉን ቆረጥኩ፣ አዲስ ሰፌድ ላይ ደርድሬ ነጠላ አለበስኩት። ይታያል የሱን ከነአፈሩ ከነቅጠሉ ጎንጉኖ ትከሻው ላይ ጣል አርጎ መጣ።

«መሳፍንት፣ ሙሽራ ይዘህ ነው እንዴ?» አለኝ ነጠላውን አይቶ።

«አንተ ጭቃህን ተሸከም!»

ገዳሙ ስንደርስ አባ ግቢውን እያዞሩ አሳዩን። ወይራውን ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ውሃው በድንጋይ ቦይ ከእርከን እርከን እየዘለለ ኮኩን፣ ጌሾውን፣ ጤና አዳሙን ያጠጣል። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል፤ እኔ የማየው ይታያልን ነው። አባ በስሙ ሲጠሩት አንጀቴ አረረ።

ከዚያ ወደኔ መጥተው ነጠላውን ገለጥ አረጉ።

«ልጄ፣ አጥበኸዋል?»

«አዎ አባ! በደንብ አርጌ!»

«የታጠበ ሽንኩርት ይሻግታል እኮ። እኔ ዘር የምሰጠው ዘር ማቆየት ለሚችል ነው። ይሄ ለዛሬ ወጥ ይሁን።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ይሄን የማያውቅ ገበሬ የለም። እኔም አውቃለሁ! ቅናት ነው ያስረሳኝ።

ዘሩን ይታያል ወሰደ። እዚያው አባ ፊት ፈለፈለው፤ አሥራ አንድ ፍሬ ወጣው። አምስቱን ለራሱ ያዘና ስድስቱን እጄ ላይ አረገልኝ። «እግዜር ይስጥህ» አልኩት ጥርሴን ነክሼ። አሁን ደግሞ በደግነትም በለጠኝ!

ኅዳር መግቢያ ላይ ሁለታችንም ተከልን። አንድ ማለዳ አላስችል አለኝና አጥሩን ዞሬ ጓሮው ገባሁ። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት በቅሏል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስመለስ የኔ መደብ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሏል።

ይታያል! በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል።

«ውሃው ደርሶህ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለ ብድግ ብሎ። «አንተስ ከየት ነው?»

«እኔም... ውሃውን ላይ ብዬ።»

«ያንተ አራት በቅሏል» አለኝ። «የኔስ?»

«ሦስት።»

ፊቱ ጠቆረ። እውነቴን ነው፣ ልክ እንደኔ ነው የጠቆረው!

«ታዲያ ስድስቱን ለምን ሰጠኸኝ?»

«አባ እያዩኝ ምን ላርግ!»

ሳቅ አፈነን፣ መደቡ ዳር ቁጭ አልን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው እሱ የኔን ይቆጥራል፣ እኔ የሱን ቆጥሬ እነግረዋለሁ።

ዛሬ የሱ አራተኛዋ ብቅ ብላለች። እስካሁን አልነገርኩትም።