ማርያም ታጫውተዋለች

የየሺሃረግ ልጅ በተወለደ በማግስቱ ሳቀ። ሳቅ የተባለው እንኳ ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ሳብ፣ መልሶ ለቀቅ፣ ከዚያ ጡት የያዘ ይመስል ባዶ አፉን መጥባት ነበር። ግን የጅንካ ሴት አራስ ልትጠይቅ ስትመጣ ገንፎዋንም ምስክርነቷንም ይዛ ነው የምትመጣው። ሁሉም በአንድ አፍ "ማርያም እያጫወተችው ነው" አሉ።

አማቷ ባዩሽ፣ ከማርያም ቀጥሎ ምስጋናው ለእሳቸው የሚገባ ይመስል፣ ደረታቸውን ነፍተው ይቀበሉ ነበር።

"ጎሳዬ ብዬዋለሁ። ጨዋ ነው፤ ማልቀስ እንኳ አያውቅም። አባቱ፣ ልጄ እውነቱ፣ በለቅሶው ሰፈር የሚያስለቅቅ ነበር።"

የሺሃረግን ውስጥ ውስጧን የሚበላት ይኸው ነበር። ልጇ አያለቅስም። ጡት ሲያጎርሱት ይረሳዋል፤ ሲያነሱት ክንዶቹ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላሉ። አንዴ ብቻ፣ ርቦት፣ ተናዶ፣ እሪ ሲል ልትሰማው ፈለገች። ሲወለድም አልሰማችውም። ያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ ባጃጅ ጠፋ፤ ምጡ ረዝሞ ረዝሞ እዚሁ ቤት፣ በአማቷ እጅ ወለደች። ጆሮዋ የገባው እልልታ ብቻ ነው። ለወንድ የሚባለው እልልታ ልክ አለው፤ ባዩሽ ግን ልኩን አልፈው፣ ድምፃቸው እስኪሻክር እልል አሉ።

"አለቀሰ?" ብላ ጠይቃ ነበር።

"እንዴታ!" አሏት።

ባሏ እውነቱ አርቦሬ በሚባል ሩቅ ገጠር የግብርና ባለሙያ ነው። ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ይደውላል። "ዛሬስ ሳቀ?" ይላል። "ሳቀ" ትለዋለች። ከወዲያ በኩል የሱ ሳቅ ይሰማታል። ልጁን ገና ላላየ አባት ሌላ ምን ይባላል?

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ገላውን ስታጥበው ግራ እግሩ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው መሽከርከር ጀመረ። ዓይኖቹ ወደ ግድግዳው ሄደው እዚያው ቀሩ። የሺሃረግ እግሩን ያዘችው። እግሩ መዳፏ ውስጥ ሆኖም አልቆመም፤ ምት እየጠበቀ ይገፋታል። እሷን የሚገፋት ልጇ እንዳልሆነ ያኔ ገባት።

"ሱአድ፣ እስቲ ነይ ያዢልኝ።"

ጎረቤቷ ሱአድ የሾርባውን ሰሃን አስቀምጣ ያዘች። ቀና ብላ የሺሃረግን አየቻት።

"ኳስ ተጫዋች ነው የሚወጣው!" አሉ ባዩሽ ከበሩ።

"እትዬ፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ነው።"

"ክርስትና ሳይነሳ? በዚህ ጠራራ? ምች ሊመታው! ሰውስ ምን ይላል?"

"ሰው የሚለውን እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰበስብልዎታለሁ፣ እትዬ ባዩሽ" አለች ሱአድ ነጠላዋን እየሳበች። "መጀመሪያ ግን ባጃጅ ልጥራ።"

ባዩሽ ወደ ጓዳ ገብተው ተመለሱ። አራስ ያለ ብረት ደጅ አትወጣምና ቢላዋ ይዘው ነበር፤ ከልጁ መጠቅለያ ሥር ሸጎጡት። ከዚያ ሲከለክሉ የነበሩት ሴትዮ ከሁሉ ቀድመው ባጃጁ ውስጥ ተቀመጡ።

ሐኪም ቤት የተቀበለቻቸው ሐኪም፣ ጸሎት፣ ገና ወጣት ናት። መጠቅለያውን ስትፈታ ቢላዋው ወለሉ ላይ ወደቀ።

"ይሄ ለኔ ነው?" አለች። ማንም አልሳቀም።

የሳቀው ልጁ ነበር። ከንፈሩን ሳብ፣ ለቀቅ። ባዩሽ ከልማድ "ማርያም እያጫ…" ብለው ጀመሩ። ሐኪሟ ግን ልጁን ትታ ሰዓቷን አየች፤ እስኪያቆም ጠበቀች።

"እንዲህ ማድረግ ከጀመረው ቆየ?"

"ሳቁ ነው" አሉ ባዩሽ።

"ሳቅ አይደለም፣ እናቴ። የሚጥል ነገር ነው። ከአእምሮው ነው የሚመጣው።" ወደ የሺሃረግ ዞረች። "እንደተወለደ ወዲያው አልቅሷል?"

የሺሃረግ አማቷን አየች።

"እንዴታ…" አሉ ባዩሽ። ቃሉ ግን እግር አጣ። ቢላዋውን ከወለሉ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉት፣ ሲጠርጉት ቆዩ። "ዘገየ። ጠቁሮ ነው የወጣው። ጀርባውን መታሁት፣ ውሃ ረጨሁበት… ዝም አለ። ቤቱ ጭር ሲል እናቱ ትሰማዋለች ብዬ ፈራሁ። ደም እየፈሰሳት ልቧ ቀጥ እንዳይል ብዬ እልል አልኩ። እስኪተነፍስ ድረስ እልል አልኩ፣ ልጄ።"

የሺሃረግ ልትጮህባቸው አፏን ከፈተች። ያ የሻከረ ድምፅ ታወሳት፤ አፏን መልሳ ዘጋች።

"አየር አጥሮት አእምሮው ተጎድቷል" አለች ጸሎት ዝግ ብላ። "የሚጥለውን በመድኃኒት ልናቆመው እንሞክራለን። የተጎዳውን ግን መመለስ አንችልም። ምን ያህል እንደሆነ እያደገ ነው የምናየው።"

መርፌው ተሰጠው። እግሩ ዝግ አለ፣ ቆመ። ከዚያ ከንፈሩ ቆመ። የሺሃረግ እጇን አፏ ላይ ጭና ያን ትንሽ አፍ አየችው። ከልጇ የምታውቀው ሳቅ ያ ብቻ ነበር፤ እሱም በሽታ ሆኖ ተገኘ፣ እሱም ሄደ።

ስልኳ ጠራ። የአርቦሬ ንፋስ ቀድሞ ገባ፣ ከዚያ የእውነቱ ድምፅ።

"የሺዬ! ዛሬስ ሳቀ?"

ባዩሽ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

"ዛሬ ዝም ብሏል" አለችው። "ና፣ እውነቱ። ሌላውን ስትመጣ እነግርሃለሁ።"

ስልኩን ዘግታ አልጋው ላይ አጎነበሰች። ዓይኗን ከልጇ ከንፈር ሳትነቅል፣ በሕይወቷ ለምናው የማታውቀውን ለመነች።

"እመቤቴ፣ በስምሽ፣ አታጫውቺው። ልጄ እንዳይስቅብኝ።"