አሥራ ሁለተኛዋ ሽማግሌ

በእ.ኤ.አ. 1995 ለሚስቴ ለጽጌ የጁሪ መጥሪያ ሲመጣላት ከሁላችን ይልቅ ደስ ያላት ልጃችን ሶልያና ነበረች። ትምህርት ቤት ስለ አሜሪካ መንግሥት ፈተና ነበረባትና እናቷን ይዛ ማጥናት ጀመረች። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ፤ ጁሪ የሚባሉ አሥራ ሁለት ዜጎች ተከሳሽ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን በአንድ ድምፅ ይወስናሉ። ጽጌ አላሜዳ ከተማ አረጋውያንን ስታጥብና ስትመግብ ውላ ወገቧን ይዛ ነው የምትገባው።

"ማም፣ ዌክ አፕ!"

"ሰምቻለሁ። አሥራ ሁለት ሽማግሌ ማለት ነዋ" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ጉዳዩን የነገረችኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ወጣት ኦክላንድ ውስጥ ከሰው ጋራዥ ቴሌቪዥን ሰርቋል። ሲወጣ ያዩት ሰዎች መሰከሩ። ጁሪዎቹ ለውሳኔ ሲገቡ አሥራ አንዱ ወዲያው "ጥፋተኛ" አሉ። ጽጌ ብቻ አስቸገረች።

"መስረቁንማ ሰርቋል። ግን ምን ሊደረግ ነው?"

"ቅጣቱ የዳኛው ጉዳይ ነው" አሏት። አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዷ ትቆጣለች። ጽጌ ደከማት። ደክሟት ያገሯን ሥርዓት አሰበች፤ በዳይ መጀመሪያ ጥፋቱን ያምናል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፣ ከዚያ ሽማግሌ ተነሥቶ "ማሩት" ይላል። ጥፋቱ ሳይነገር ምሕረት ከየት ይመጣል ብላ፣ እሷም "ጥፋተኛ" ለማለት እጇን አወጣች።

ውሳኔው ሲነበብ ከሌሊት ጥበቃ ሥራዬ በቀጥታ መጥቼ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ጸሐፊዋ እያንዳንዳቸውን "ይህ ያንተ ውሳኔ ነው? ይህ ያንቺ ውሳኔ ነው?" እያለች ጠየቀች። ጽጌም "የስ" አለች። ዳኛው አመስግነው አሰናበቷቸው። ሁሉም ሲነሡ የኔዋ እጇን አወጣች።

"ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዩር ኦነር። አሁን ምሕረት እንለምናለን።"

ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። ፈገግ ብለው፣ "አመሰግናለሁ እመቤት፤ የእርስዎ ሥራ አልቋል" አሏት። ፖሊሱ በሩን ከፈተላት። እኔ ከእፍረትም ከንዴትም የቱ እንደያዘኝ አላውቅም።

ኮሪደሩ ላይ የተከሳሹን ልጅ ጠበቃ አገኘችው። እሱም እንደኛው እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

"ስንት ወር ይፈረድበታል?"

"ጥፋተኛ ሲባል ይህ ሦስተኛው ነው። በአዲሱ ሕግ ከሃያ አምስት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ። ለእናንተ ለጁሪዎቹ ይህን አስቀድሞ መንገር አይፈቀድልንም።"

"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" እያልኩ ስተርት የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ተረቱ አስጠላኝ፤ በፍርድ የሄደው ሰው ነዋ።

የልጁ እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጽጌ ሳልይዛት ሄዳ ከሴትዮዋ ጉልበት ላይ ወደቀች። "አይ አም ሶሪ፣ ሲስተር። ልለምንለት ነበር" አለቻት እያለቀሰች።

ሴትዮዋ አልጮኸችባትም። ጉልበቷን ቀስ ብላ አላቀቀች።

"የስ ስትዪ ሰምቼሻለሁ" አለቻት።