የጉንፋኑ ዘር ቆጠራ

ፀደንያ ሮብ ገበያ ከመኪና ወርዳ ዳገቱን እንደጨረሰች መጀመሪያ የሰማችው ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ጥዱ ሥር፣ አገሩ በሙሉ ተሰብስቧል። መሀል ላይ የቆሎ ተማሪው ይስማው እጁን በመጫኛ ታስሮ ወድቋል። የሚመታው ደግሞ የገዛ ወንድሟ አንሙት ነው።

የኅዳር ሲታጠን ጭስ በወጉ ሳይበርድ ነበር በሽታው መንደሩን የገባው። መጀመሪያ የአንሙት ልጅ እስከዳር ሞተች፤ አስከትሎ የጎረቤታቸውን የአያ ገዳሙን ሁለት ወንዶች ልጆች ወሰደ። ማን አመጣው ሲባል፣ ከደብረ ወርቅ የመጣው ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲለምን ያስል ነበር ተባለ። እንግዳ ነው፤ ወገን የለውም፤ ቢመቱት የሚቆጣለት የለም። ከዚህ የሚመች ጥፋተኛ ከየት ይመጣል።

ፀደንያ ደብረ ማርቆስ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሰዉ ታሞ ሳለ መጥታ ከሕፃናቱም፣ ከይስማውም፣ ከወንድሟም አፍንጫ ናሙና ወስዳ አዲስ አበባ ልካ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጥፋተኛውን ለማወቅ አውጫጭኝ ሲቀመጡ፣ ተማሪውን ላትርፍ ብላ በሚገባቸው ቋንቋ ነገረቻቸው። የጉንፋን ቫይረስ ከሰው ሰው ሲተላለፍ በጥቂት በጥቂቱ እየተለወጠ ይዋለዳል፤ ዘረመሉ ሲነበብ የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ ይታወቃል፤ እናንተ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደምትቆጥሩት ማለት ነው አለቻቸው። ዘር መቁጠር ደግሞ የሽማግሌ ሙያ ነውና አልተከራከሯትም። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ብለው መልሱ እስኪመጣ ማንም እጁን እንዳያነሳ አስማሉ። ደስ አላት፤ የሞኝ ደስታ። ቆጠራው ሲያልቅ የሰው ስም እንደሚጠብቁ አላሰበችበትም።

መልሱ ዛሬ ጠዋት በስልኳ ገባ። የይስማው ጉንፋን ሌላ ዘር ነው፤ ሕፃናቱን ከገደለው ጋር አይዛመድም። የሕፃናቱ ቫይረስ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ከወረዱ ሰዎች ከተገኘው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። በመንደሩ ከዚያ አጨዳ የተመለሰው አንሙት ብቻ ነው፤ የእሱና የሕፃናቱ ደግሞ አንድ ነው ለማለት ምንም አይቀረውም። እየተንቀጠቀጠ መጥቶ «የቆላ ወባ ነው» ብሎ ልጁን አቅፎ መተኛቱን ሁሉም ያውቃል። ፀደንያ መልሱን ይዛ መምጣቷን ለዋናው ሽማግሌ ደውላ ነገረችና መንገዱን ሙሉ አሰበች። ግማሹን ብቻ፣ ተማሪው አለመሆኑን፣ ልትናገር ቆረጠች። አንሙት ግን መልሱ መጣ ሲባል መሐላውን ጣሰ፤ ግማሹንም አልጠበቀም።

ሰዉን ገፍታ ገባች። የተማሪው ግንባር ተተርትሯል፤ ክንዱ ያለ ቦታው ታጥፏል።

«ጋሼ፣ ተው። እሱ አይደለም፤ መልሱ እሱ አይደለም ይላል።»

ዱላው አየር ላይ ቆመ። ገዳሙ ከሰዉ መሀል ወጥቶ፣ ማነው ታዲያ ሲል ጠየቃት። አልታወቀም አለች። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ድንጋይ ሳይነሱ፣ ተቆጥሮ ቤቱ አልታወቀም የሚባል ዘር የለም አሏት። ከኋላ አንዱ ተማሪው አስማት አድርጎባታል አለ። አንሙት ከሁሉ ይልቅ ይህን አመነ። ዱላውን ይስማው ጎድን ላይ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ተማሪው መጮህ አቅቶት በአፉ ደም ተፋ። አንዴ ቢደገም ይሞታል።

ፀደንያ ወንድሟን ትወደዋለች። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ሞፈር ጨብጦ ያስተማራት እሱ ነው። ዱላው ዳግመኛ ወደ ላይ ሲወጣ አየችና ተናገረች።

«አንተ ነህ፣ ጋሼ። ከቆላ ያመጣኸው አንተ ነህ።»

ከዚያ ቃሉ ተከታትሎ ወጣ። ከእሱ ወደ እስከዳር፣ ከእስከዳር አብረዋት ወደሚጫወቱት የገዳሙ ልጆች። አላወቀም፣ ጥፋት የለበትም፣ ማንም ጥፋት የለበትም እያለች ደጋገመች። ይህኛውን የሰማት የለም።

አንሙት የተደበደበውን ተማሪ አየው። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው ጣለ፤ ዱላውን በሁለት እጁ ለገዳሙ ሰጠና ተንበረከከ።

«በሱ የፈረድሁትን በኔም ፍረድ፣ አያ ገዳሙ።»

ሽማግሌው ተነስተው እንዳይመታው ገዘቱ። ገዳሙ እያለቀሰ መታው። ፀደንያ ወንድሟ ላይ ልትወድቅ ስትሮጥ አንሙት በክርኑ ገፈተራት፤ ልጁን አንሺ፣ እሱን አትርፊ አላት። ወደ ይስማው ዞራ በጥርሷ የመጫኛውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች። ገዳሙን ሰዎች ሲይዙት ዘግይተዋል። የመጨረሻው ምት አንሙትን ማጅራቱ ላይ አግኝቶት በፊቱ ተደፍቷል።

አሁን ሁሉም ለመርዳት ተሽቀዳደመ። ቅድም «በለው» ይሉ የነበሩት ቃሬዛ አምጥተው ይስማውን በጥንቃቄ አነሱት፤ ይተነፍሳል። ፀደንያ ለወንድሟም ቃሬዛ አምጡ አለች። ማንም አልተነቃነቀም። ሽማግሌው የወደቀውን ጋቢ አንስተው፣ አንሙትን ገልብጠው ፊቱን ሸፈኑት።